አያቴ ያላወራችው ረሃብ ከልጄ ሆድ እንዴት ደረሰ?

ከጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ጉዳዬ ረዘም ያለ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

መምህርት ነኝ፤ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ልጄ ከአምና ጀምሮ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል ሆዱን ያመዋል። ሁለት ጊዜ አስመርምሬው ምንም አልተገኘበትም። ቅዳሜና እሑድ አያመውም፤ እኔ ቤት በምውልበት ቀንም እንደዚሁ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ልጁን ካነጋገረችው በኋላ ጠርታኝ፣ «ልጅዎ ትምህርት ቤቱን የሚፈራ አይመስለኝም፤ እርሱ በሌለበት እርስዎ ላይ አንድ ነገር ይደርሳል ብሎ ነው የሚሠጋው» አለችኝ። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ልጄ የተናገረው የእኔን ሐሳብ ነበር። እኔ በእረፍት ሰዓት ሁሉ ለመምህሩ እየደወልኩ ልጄ ደኅና መሆኑን አረጋግጣለሁ። እናቴ ደግሞ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ዛሬም በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለች ምሳዬን መብላቴን ትጠይቀኛለች፤ ስልኬን ሳላነሳ ከቀረሁ ጎረቤት ትልክብኛለች።

እናቴ የተወለደችው በ1967 ዓ.ም. ነው። ከእርሷ በፊት የተወለዱ ሁለት ልጆች በ66ቱ ረሃብ ቤተሰቡ ከላስታ ወደ መኪናው መንገድ ሲወርድ መሞታቸውን ያወቅሁት ለቅሶ ቤት ውስጥ ከአንዲት የሩቅ ዘመዳችን ነው እንጂ ከአያቴ አፍ አይደለም። አያቴ በ77ም እናቴን የአሥር ዓመት ልጅ ይዛ ኮረም መጠለያ ገብታለች፤ እዚያ ያየችውን ግን አታወራም። የእናቴን ስም እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ ከእነ ካሳ፣ ምትኬና ማስረሻ ወገን የሆነ ስም ነው።

በቅርቡ የመሬይ ቦወንን የቤተሰብ ንድፈ ሐሳብ የሚያስረዳ ጽሑፍ አንብቤ፣ ጭንቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል የሚለው ቃል አልለቅ አለኝ። አያቴ አፍ አውጥታ ያልተናገረችው ነገር፣ ረሃብን በዓይኑ ላላየ ልጅ በምን መንገድ ይደርሰዋል? ደግሞስ የቤተሰብ ሥዕል ይሣል ሲባል፣ በእናቴ በኩል የላስታ ክርስቲያኖች፣ በአባቴ በኩል የሐይቅ ሙስሊሞች የሆነን ቤተሰብ እንዴት አድርጌ ነው የምሥለው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ጽሑፍሽ ልቤን ነክቶታል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ይህ የሚባለው በደም የሚወረስ ነገር ነው? በደም ከሆነ የሚደረግለት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሰባት ቤት (ወልድያ)

አብሽሩ እህታችን። በቤተሰብ አማካሪነት የምሠራ ነኝ። ልጅዎን ሳላየው ስለ እርሱ መፍረድ አልችልም፤ ስለ ንድፈ ሐሳቡ ግን የማውቀውን ላካፍል።

በቅድሚያ ቦርከና ለጠየቁት፤ በደም ስለሚወረሰው የሚመራመሩ ሌሎች ናቸው። ቦወን የተናገረው ስለ ደም ሳይሆን በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አንዱ ለሌላው ስሜት ስለሚሰጠው ምላሽ ነው። ሰውየው በ1913 የተወለደ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር (ስለ እርሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከ1954 እስከ 1959 በአገሩ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሲሠራ፣ ስኪዞፍሬኒያ የተባለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ወጣቶች ብቻቸውን ከማስተኛት ይልቅ፣ መጀመሪያ እናቶቻቸው፣ በኋላም አባቶቻቸውና ወንድም እህቶቻቸው አብረዋቸው በሆስፒታሉ እንዲኖሩ አደረገ። በዚያ ያስተዋለው ነገር የቀረውን ዕድሜውን የሠራበት ሆነ፤ የአንዱ መረጋጋት ከሌላው መረበሽ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ በሽተኛ የተባለውን ሰው ብቻ ነጥሎ ማየት ነገሩን እንደማያስረዳ ተረዳ።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ ልምጣ። የሚሻገረው ረሃቡ አይደለም፤ ረሃቡን ለመቋቋም የተያዘው ጠባይ ነው። ቦወን ወላጅ ጭንቀቱን በልጁ ላይ የሚያሳርፍበትን ሂደት በሦስት እርምጃ ያስረዳል። መጀመሪያ ወላጁ በልጁ ላይ አንድ ችግር አለ ወይም ይመጣል ብሎ ይፈራና ዓይኑን ከእርሱ ላይ መንቀል ያቅተዋል። ቀጥሎ ልጁ የሚያደርገውን ሁሉ ለፍርሃቱ ማስረጃ አድርጎ ይተረጉመዋል። በመጨረሻም ልጁን ችግሩ በእርግጥ ያለበት ያህል አድርጎ ይይዘዋል፤ ልጁም በተያዘበት መልክ ያድጋል። ሁለት ልጆች ቀብራ ሦስተኛዋን የወለደች እናት፣ ያቺን ልጅ እንደ ማንኛውም ልጅ እንድታያት ማን ይጠብቃል? ሕፃኗ ሳል ስትስል አያትዎ የሰሙት ሳሉን ብቻ አይደለም። እናትዎም የእናታቸውን ፊት እያዩ፣ ዓለም ልጅ የሚነጠቅባት ቦታ መሆኗን ያለ አንዲት ቃል ተማሩ። ልጅ ተረት ከመስማቱ በፊት ፊት ማንበብ ይችላል፤ ስለዚህ ዝምታው አላገደውም፤ እንዲያውም ፍርሃቱ ስም ስላልተሰጠው ይህ የዚያን ጊዜ ነው፣ ይህ የዛሬ ነው ብሎ የሚለይለት አልነበረም።

ስለ ስሙ ያነሡት ነገርም ከጽሑፍዎ ሁሉ ያቆመኝ ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት ልጅ ሳይወለድ በፊት በቤተሰብ ውስጥ ቦታ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቀው ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይጽፋሉ። እኛ ግን ማስረሻ ብለን ስም ስናወጣ፣ የሕፃኗን ሥራ በገዛ አፋችን ተናግረናል፤ እናቷን ሐዘን ልታስረሳ ነው የመጣችው። ይህን የምለው ስሙን ለመንቀፍ አይደለም። የሐዘንተኛ እናት ጸሎት ነው። ነገር ግን በዚያ ስም የምትጠራ ልጅ እናቷ ባዘነች ቁጥር ሥራዋን ያልሠራች ሊመስላት ይችላል።

ቦወን ይህ ሂደት በሁሉም ልጆች ላይ እኩል እንደማያርፍም ይናገራል። የወላጅ ጭንቀት የበረታበት ልጅ ከወንድም እህቶቹ ይልቅ የራሱን ሐሳብ ከቤቱ ስሜት ለይቶ ለመያዝ ይቸገራል፤ ጭንቀቱ ያላረፈባቸው ልጆች ግን በመጠኑ ተሽለው ይወጣሉ። ልዩነቱ በአንድ ትውልድ ትንሽ ነው፤ በየትውልዱ እየተደራረበ ሲሄድ ግን ከአንድ አያት የተወለዱ ሁለት ቤቶች እጅግ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ። በአገራችን ሰዎች «ከአንድ ማኅፀን ወጥተው እንዴት እንዲህ ይለያያሉ» ሲሉ የሚደነቁበት ነገር ይህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ በጽሑፍዎ አያትዎን፣ እናትዎን፣ ልጅዎንና ራስዎን ጠቅሰዋል፤ ባለቤትዎን ግን አልጠቀሱም።

ከወግዲ

ልጄ፣ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ነኝ፤ ለዓመታት በሽምግልና ተቀምጫለሁ። ሰባት ቤት የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የልጅሽ አያት ልጇ ምሳ መብላቷን ብትጠይቅ በሽታ ነው? በ66 እና በ77 የነበርን ሰዎች እናውቃለን። በዚያን ዘመን ሰው የተረፈው ዘመድ ዘመዱን ስለጠየቀ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ሌማቱ እንግዳ ሳይቀርብበት አይነሣም ነበር፤ ይህም ጭንቀት ሳይሆን ሰውነት ነበር። አሁን በንባብ የማገኘው «ራስን መለየት» የሚባለው ትምህርት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። አሜሪካ አገር ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ከቤት ይወጣል ይባላል፤ ለእነርሱ የሚስማማ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ራሱን ከወላጁ የለየ ልጅ፣ ወላጁን የረሳ ልጅ ነው። የተቀያየመ ቤተሰብ ካለ ሽማግሌ አለለት፤ የሞተበት ሰው ቅሬ (እድር) አለለት፤ የታመመ ካለ ዱዓ የሚያደርጉለት፣ ጠበል የሚወስዱት አሉ። ይህን ሁሉ ትተን ቤተሰባችንን በወረቀት ላይ እንደ በሽተኛ ብንሥለው ምን እናተርፋለን? ይህን የምለው ለመቃወም ብቻ አይደለም፤ ቢያስረዱኝ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

ሰባት ቤት (ወልድያ)

አባታችን፣ ሥጋትዎ ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ እርስዎ የተቃወሙትን ነገር ቦወንም አጥብቆ የተቃወመው መሆኑን ብነግርዎ ግን ደስ ይለኛል። እርሱ ራስን መለየት ያለው ከወላጅ መራቅን አይደለም። መራቁን ለብቻው ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ የስሜት መቆራረጥ ብሎታል። እንደ እርሱ አስተሳሰብ፣ ከቤተሰቡ ጋር ያለውን ችግር በርቀት ወይም በዝምታ የሚፈታ ሰው ነጻ የወጣ ይመስለዋል እንጂ አልወጣም፤ ያልተጨረሰውን ጉዳይ ይዞት ሄዶ በሚስቱና በልጆቹ ላይ ይደግመዋል። ኩርፊያ የምንለው ነገር ሁሉ መቆራረጥ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሳምንት ኩርፊያ ሰው መሆን ነው። አሥር ዓመት የቆየ ኩርፊያ ግን፣ ሁለቱ ሰዎች በየቀኑ አንዱ ስለ ሌላው እያሰቡ የሚኖሩበት ጥብቅ ግንኙነት ነው። ይህን እኔ ከምነግርዎ ይልቅ እርስዎ በሽምግልና ያዩት ይበልጣል።

ራስን መለየት ማለት እንግዲህ በመካከላቸው ተቀምጦ፣ ቡናቸውን እየጠጡ፣ በስሜታቸው ሳይነዱ የራስን ማሰብ መቻል ነው። እናት ስትጨነቅ አብሮ ሳይጨነቁ፣ ሳይቆጡም፣ ሳይሸሹም አጠገቧ መቆየት ነው። ጥሩ ሽማግሌ የሚያደርገውን ያስቡ፤ ሁለቱን ወገን ይወዳል፣ ለሁለቱም ይቀርባል፣ ከአንዳቸውም ጋር ግን አይወግንም። ቦወን ከሠልጣኞቹ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ በ1967 በሙያ ባልደረቦቹ ጉባኤ ላይ ስለ ገዛ ቤተሰቡ ያደረገውን ጥረት ከተናገረ በኋላ፣ ተማሪዎቹን ወደየወላጆቻቸው ቤት እንዲመለሱና ግንኙነታቸውን በዚያው እንዲያጠኑ መላክ ጀመረ። ትምህርቱ ልጅን ከቤት የሚያስወጣ ሳይሆን ወደ ቤት የሚመልስ ነው።

ስለ ሥዕሉም እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነው። ዘር ቆጠራ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው፣ ፈረንጆች ጄኖግራም የሚሉትን ግማሹን ሠርቶታል፤ የመድረክ ስሜንም ከዚያ ነው የወሰድኩት። የሚቀረው የማን ልጅ ማን እንደሆነ ከመቁጠር አልፎ፣ ማን ለማን ቅርብ እንደነበረ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ሲሞት ማን እንደተወለደ መጨመር ነው። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሣላል፤ የሞተው በላዩ ላይ የኤክስ ምልክት ይደረግበታል፤ ጥል በተጣመመ መስመር፣ ከመጠን ያለፈ መጣበቅ በሦስት መስመር፣ መቆራረጥ መካከሉ በተበጠሰ መስመር ይመላከታል። ቢያንስ ሦስት ትውልድ ያስፈልጋል። ሃይማኖት የተቀላቀለበት ቤተሰብ ለመሣል አያስቸግርም፤ ወሎ ውስጥ አንድ ሃይማኖት ብቻ ያለበትን የዘር ሐረግ መሣል ይልቅ ሳይከብድ አይቀርም።

ሐይቄዋ (ጅዳ)

እኔ ለሥራ ከአገር ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የስሜት መቆራረጥ ስለሚባለው ስታነሡ ስለ ራሴ የምትጽፉ መሰለኝ፤ የእኔ መቆራረጥ ግን በገንዘብ የተሸፈነ ነው። በየወሩ እልካለሁ፤ ቤት አሠርቻለሁ፤ ሁለት ወንድሞቼን አስተምሬ ድሬአለሁ። ከእናቴ ጋር ግን ስለ ገንዘብ ካልሆነ በቀር የምንነጋገረው ነገር የለም። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ አባታችን ሲሞት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ስለ ቤቱ የምታማክረው እኔን ነው። ልጅነቴ የት እንደገባ አላውቅም። የሚያስጨንቀኝ፣ ባለፈው ዓመት የታናሽ እህቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆና፣ «እኔም እንደ አክስቴ ሄጄ እናቴን አሳርፋታለሁ» ብላ መናገሯን ሰማሁ። ማንም ሂጂ ያላት የለም። እናቷ ደግሞ በቃሏ ተደስታ ለጎረቤት ተናግራዋለች።

የንባብ ወዳጅ (ደሴ)

እህታችን ሐይቄዋ የጻፈችውን የሚመለከት ሌላ ሰው አለ። ኢቫን ቦሶርመኒ ናጅ በ1920 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት የተወለደ፣ ኋላ ወደ አሜሪካ የሄደ የአእምሮ ሐኪም ነው። ቦወን ስለ ጭንቀት ሲናገር፣ እርሱ የተናገረው ስለ ውለታ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ማን ለማን ምን እንደሰጠ፣ ማን ምን እንደሚገባው የሚመዘገብበት በዓይን የማይታይ ደብተር አለው ይላል። ልጅ በተፈጥሮው ለወላጆቹ ታማኝ ነው፤ ታማኝነቱ ሲታወቅለትና መጠን ሲኖረው ያሳድገዋል። የወላጅ ወላጅ ሆኖ ያደገ ልጅ ግን፣ ልፋቱ ሳይታይለትና ሳይመሰገንለት ከቀረ፣ የተከለከለውን ሳያውቀው ከራሱ ልጆች ወይም ከሚቀጥሉት ይጠይቃል። ወላጅ ያጎደለውን፣ ምንም ዕዳ የሌለበት ልጅ ይከፍላል።

በእኛ አነጋገር የእናት ውለታ አይከፈልም ይባላል። ንግግሩ ፍቅር አለበት፤ ነገር ግን የማይከፈል ዕዳ ያለበት ሰው መቼም በቃኝ ማለት እንደማይችል ሳስብ ይከብደኛል። ናጅ እንደሚያስተምረው ከሆነ መፍትሔው ደብተሩን መቅደድ አይደለም፤ ከፍቶ አብሮ ማንበብ ነው። ሐይቄዋ፣ እናትሽ «አሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ ቤት ጫንኩብሽ» የሚል አንድ ቃል ቢወጣቸው፣ ከላክሽው ገንዘብ ሁሉ የሚበልጥብሽ አይመስልሽም? የእህትሽ ልጅም ያንን ቃል ብትሰማ፣ መሄድ ብቸኛው የመውደድ መንገድ አለመሆኑን ታውቃለች።

ነርስ ነኝ (መርሳ)

ውይይቱን በጥሞና ተከታትዬዋለሁ፤ ሁለት ነገሮች እንዳይረሱ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የልጁ ሕመም ከተለወጠ፣ ከሌሊት እንቅልፉ ካስነሣው፣ ትውከት፣ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ ከጨመረበት እንደገና ይመርመር፤ ከጭንቀት ነው ተብሎ የታለፈ ሕመም አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ እንዲህ ያሉ ንድፈ ሐሳቦች በቀላሉ እናቶችን ወደ መክሰስ ያዘነብላሉ። ይህን ወቀሳ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያው በአሜሪካ የሚሠሩ ሴት የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያዎችም በብርቱ አንሥተውት ነበር፤ ለልጅ የሚጨነቀው እናት ብቻ የሚሆነው ሸክሙ በእርሷ ላይ ብቻ ስለተጣለ መሆኑ ተዘሏል ብለዋል። በ66 የሞቱት ልጆች የሞቱት በአያትሽ ጭንቀት አይደለም። ዝናብ ቀርቶ፣ እህል ጠፍቶ፣ መንግሥትም ረሃቡን ለዓለም ሳይገልጥ ቆይቶ ነው። ዝምታው የተጀመረው ከቤተሰብ ውጭ ነበር። በእኛ አካባቢ በ2014ቱ ጦርነት የሆነውንም እንዲሁ አስባለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ እናቶች ስለ ልጃቸው እንቅልፍ ይጠይቁኛል እንጂ ስለ ራሳቸው እንቅልፍ አይጠይቁኝም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። በ1975 እ.ኤ.አ. ሰልማ ፍራይበርግ የምትባል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር የጻፈችው ጥናት አለ። ሕፃኗ ስታለቅስ የማትሰማ የምትመስል እናት ገጥሟቸው ነበር። እናቲቱ የራሷን ልጅነት ታሪክ ታውቀዋለች፤ ስትናገረው ግን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነው። ሰው አግኝታ የራሷን ልቅሶ ስታለቅስ ነው የልጇን ልቅሶ መስማት የጀመረችው። ጥናቱ ያመለከተው፣ መከራው በልጅ ላይ የሚደገመው ታሪኩን በረሱ ሰዎች ሳይሆን ታሪኩን እያስታወሱ የተሰማቸውን ሕመም በቀበሩ ሰዎች ዘንድ መሆኑን ነው። በጭካኔ ውስጥ አድገው የማይደግሙትም ብዙ ናቸው፤ ሕመማቸውን ያውቁታልና። ስለዚህ አያትሽን ስትጠይቂ የዓመተ ምሕረትና የቦታ ዝርዝር አትሰብስቢ።

ከጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዘገየሁት ላስታ ሄጄ ስለነበር ነው፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰባት ቤት ለጠየቁኝ፤ ባለቤቴ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ውስጥ ቤት የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ አልነበረም፤ ይህም ራሱ አሳሰበኝ። ሥዕሉን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ስሥል፣ ከእኔ ወደ ልጄ ሦስት መስመር፣ ከእናቴ ወደ እኔ ሦስት መስመር፣ ከአያቴ ወደ እናቴ ሦስት መስመር አደረግሁ። ወደ ባሎች የሚሄደው መስመር በሦስቱም ትውልድ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። እኔና ባለቤቴ በስልክ ስንነጋገር ቅሬታ ሊነሣ ሲል፣ ወይ እኔ ወይ እርሱ የልጁን ሆድ እናነሣለን፤ ያኔ ሁለታችንም ድምፃችን ይለዝባል። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። ሆዱ እኛን እንደሚያስታርቅ ከእኔ ቀድሞ ሳያውቅ አልቀረም።

አያቴን የጠየቅሁት ቡና ላይ ነው። አቦሉ ላይ አልቻልኩም፤ ቶናውም አለፈ። በረካው ሲቀዳ፣ እናቴም ባለችበት፣ «እምዬ፣ ከእናቴ በፊት የነበሩት ልጆች ምን ይወዱ ነበር?» አልኳት። እንዴት ሞቱ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ነርስ ነኝ የጻፉት አእምሮዬ ውስጥ ነበር። አያቴ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። እናቴ ተነሥታ ረከቦቱን ልታነሣ ስትል አያቴ እጇን ያዘቻት። ከዚያ ትልቁ ልጅ ፍየል ጠባቂ እንደነበረ፣ ፍየሎቹን በስም እየጠራ እንደሚቆጣቸው፣ ታናሺቱ ደግሞ ከእርሱ ጀርባ እንደማትለይ ተናገረች። ስማቸውንም ነገረችን። እናቴ በሃምሳ አንድ ዓመቷ የወንድምና የእህቷን ስም መስማቷ የመጀመሪያዋ ነበር። አያቴ ስታለቅስ እናቴ ወዲያው ልታባብላት፣ «በቃ፣ ተዪው» ልትላት አፏን ከፈተች። እጄን ጉልበቷ ላይ አሳረፍኩ፤ ዝም አለች፤ አብረን ተቀመጥን። እናቴ የአያቴን ልቅሶ ሳታስቆም ስትቆይ አይቻት አላውቅም።

የልጄ ሆድ አሁንም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ያመዋል። ለመምህሩ መደወሌን ወደ አንድ ጊዜ ቀንሻለሁ፤ ያን አንዱን መተው ገና አልቻልኩም። ከባለቤቴ ጋር ስለ ራሳችን ስንነጋገር ግን ልጁን ወደ ሌላ ክፍል እሰደዋለሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አልሐምዱሊላህ። አያትሽን አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ሁለቱን ልጆች ሥዕሉ ላይ ከነስማቸው አስገቢያቸው።

ከወግዲ

ልጄ፣ አያትሽን የጠየቅሽበትን መንገድ ሳነብ በሽምግልና ወቅት ስንት ጊዜ ጥያቄ አበላሽቼ እንደነበር አሰብኩ። በተቃውሞ ጀምሬ ነበርና ያደረግሁትን መደበቅ አይገባኝም። የልጅ ልጄ ወረቀት አምጥታልኝ፣ ሰባት ቤት በጻፉት መሠረት የእኛን ቤት ሣልነው።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ከአባታችን ውርስ መሬት ጋር በተያያዘ ከተቀያየምን አሥራ አራት ዓመት ሆኖናል። የሰው ጠብ ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የራሴን ግን የወንድሜ ጥፋት ነው ብዬ አስቀምጬው ነበር። የልጅ ልጄ አባቴንና አጎቴን የሚያገናኘውን መስመር በምን እንደምትሥል ስትጠይቀኝ፣ አባቴ ወንድሙን ሲያነጋግር አይቼ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። በምን እንደተጣሉ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ወረቀቱ ላይ ሁለት ወንድማማች ከላይ፣ ሁለት ወንድማማች ከታች ተቀምጠዋል። ልጅቷ ቀጥላ ሁለቱን ልጆቼን ልትሥል ስትል እጄን ወረቀቱ ላይ አደረግሁ።

ሰባት ቤት፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከወንድሜ ጋር አንጠያየቅም፤ በአንድ ቅሬ ውስጥ ስላለን ግን ሰው ሲሞት ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ ሬሳ አብረን እንሸከማለን። እንዲህ ያለው የተበጠሰ መስመር ነው የሚደረግለት?

ሰባት ቤት (ወልድያ)

አይደለም አባታችን። የተበጠሰው መስመር ጭራሽ ለማይገናኙት ነው። በሩቅም ቢሆን ለሚገናኙ ሰዎች በነጠብጣብ ነው የሚሣለው።

ከወግዲ

እንግዲያው በነጠብጣብ አድርጌዋለሁ። ለአባቴና ለአጎቴም ያንኑ አደረግሁ፤ አጎቴ አባቴ ሲቀበር ከሰው ኋላ ቆሞ አይቼዋለሁና።